ከምንም ያልተያያዘችው መስመር

ነገሩ ሁሉ ከመለወጡ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። በሲያትል ከተማ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ባለው የአረጋውያን መዋያ ድረ ገጽ ላይ «መኪና ይምጣልኝ» የሚለው ቁልፍ ከተነካ በኋላ ቀጣዩ ገጽ እስኪከፈት ስድስት ሰከንድ ተኩል ይፈጅ ነበር። በእነዚያ ስድስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። ቁልፉ ቀለሙን አይቀይርም፤ የሚዞር፣ የሚበራ፣ የሚጻፍ ነገር የለም። ገጹ ጭራሽ ያልተነካ ይመስላል። ስለዚህ አንድ አዛውንት ቁልፉን በአማካይ ሦስት ጊዜ ይጫኑት ነበር። አቶ መልከጸዴቅ ደግሞ አምስት ጊዜ።

ይህን የቆጠረችው ሠርካለም ናት። ከመዋያው ነጭ ቫኖች አንዱን የምትነዳ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ የምታዳምጥ ሴት። ዲቪ ደርሷት ወደ ሲያትል ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የነጋዴ ሚዛን የሚፈትሽ ቡድን አባል ነበረች። ልኩ የታወቀ ብረት በቦርሳ ይዛ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች፤ ብረቱን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሚዛኑ ያለውንና እውነቱን ጎን ለጎን ትጽፋለች። አገርም ሥራም ቀየረች እንጂ ዓይኗ ያው ነው።

በየካቲት ወር በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት ለአቶ መልከጸዴቅ፣ ቁልፉን ደጋግመው ስለተጫኑ፣ ሦስት ቫን ባንድ ጊዜ ደጃቸው ላይ ተሰለፈላቸው።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋ የት አለች?» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ዘካሪያስ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «አጀቡ መጥቷል!»

አዛውንቱ ሦስቱንም መኪና አይተው ሲጨርሱ ወደ ሠርካለም ዞሩ። «እኔ ላይ ምን ያስቃል? ሰው ደጅ ቆሜ 'ቤቶች!' ብዬ ከውስጥ 'ደጆች!' ካላሉኝ ምን አደርጋለሁ? ደግሜ እጣራለሁ። መጠበቁን እችላለሁ፣ ልጄ፤ ጉልበቴ ገና ነው። ግን ሰምተውኝ እንደሆነ ልወቅ እንጂ!»

ሠርካለም ይህን ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ አዛውንቶቹ ቁልፉን ሲጫኑ አጠገባቸው እየቆመች ለካች። አርባ ሰው። አርባው ሲሞላ ወደ መዋያው ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።

እዚያ በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀመጥ ያፌት የሚባል ወጣት ነበር፤ ድረ ገጹን የሠራው ትንሽ ድርጅት ተቀጣሪ። በዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ጋር መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ሲያስብ ማጅራቱን የሚያሽ።

«ይህን ገጽ የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ቅሬታ ከሆነ አይደለሁም።»

«አርባ ቅሬታ ነው» አለችና ደብተሩን ፊቱ ከፈተችው።

ያፌት እየሳቀ ማንበብ ጀመረ፤ ሳቁም ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ስም፣ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደተጫኑ፣ በመጠበቁ መሀል ምን እንዳሉ። ገጽ እየገለጠ እስከ መጨረሻው ሄደ። «በሰዓት ነው የለካሽው?»

«ታዲያ በዓይን ይለካል?»

ቀና ብሎ አያት። በሥራ ሕይወቱ እጁ የሠራውን ነገር እንዲህ ልብ ብሎ ያየለት ሰው አልነበረም። «ስድስቱን ሰከንድ መቀነስ አልችልም» አለ ቀስ ብሎ፤ «መረጃው የሚመጣው በእኔ እጅ ካልሆነ ሲስተም ነው። ግን... ገጹ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ እችላለሁ። ሦስት ቀን ስጪኝ።»

በሦስተኛው ቀን ቁልፉ ሲነካ ከገጹ አናት ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከግራ ተነስታ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። ቶሎ ትነሳለች፣ ወደ ጫፉ ስትቃረብ ቀስ ትላለች፣ ገጹ ሲከፈት ትሞላና ትጠፋለች። የአዛውንቶቹ ጣት ባንድ ጊዜ ሰከነ። አቶ መልከጸዴቅ ሳይቀሩ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስመሯን እንደ ልጅ ልጅ ያዩዋት ጀመር። ሠርካለምም ከዚያ ቀን ጀምራ ሁለተኛውን ፎቅ ያለ ደብተር ትወጣው ጀመር፤ ደረጃው አጭር ሆኖባት ነበር።

*

ፍቅራቸው የተጀመረበትን ቀን ሁለቱም በትክክል አያውቁትም፤ ሠርካለም የማታውቀው ብቸኛ ቀን ይህ ነው። ያፌት ሐሙስ ሐሙስ «አጠቃቀሙን ለማየት» እያለ ቫኑ ውስጥ ከአዛውንቶቹ ጋር ይሳፈር ነበር። ሠርካለም በአሽከርካሪነት ትምህርቷ የኋላ መስታወቱን በየስምንት ሰከንዱ እንድታይ ተምራለች። አንድ ቀን ዋይት ሴንተር አካባቢ ያፌት ከኋላ ሆኖ «አሁን በየሦስት ሰከንዱ ሆኗል» አለ። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አዛውንቶቹም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዙ፤ ስለ አየሩ መጨዋወትም ጀመሩ፣ ሁሉም ባንድ አፍ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የያፌት እናት።

ወይዘሮ አዳነች ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች፣ ሃያ ዓመት በፋርማሲስትነት ሠርታ በቅርቡ ጡረታ የወጣች፣ ኖርዝጌት የምትኖር ሴት ናት። ለልጇ የምትመኘው ሚስት የተማረች፣ ቢሮ ያላት እንደሆነች በቤተ ክርስቲያናቸው የማያውቅ የለም። ሠርካለም ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ያፌትን ስትጠይቀው እጇን ያዝ አድርጎ «እያዘጋጀኋት ነው» አላት። ሰኔ ላይ «አጋምሻለሁ» አላት። መስከረም ላይ «ጫፍ ደርሻለሁ፣ ሠርኪ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት። እሷም አመነች። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ወደፊት እየሄደ ያለ ነገር አድርጋ በሐሳቧ አየችው፤ ማየቱም ደስ አሰኛት። እንቅልፏ ጥሩ ነበር።

*

በኅዳር ወር በአንዱ ረቡዕ ጠዋት ያ ከያፌት እጅ ውጪ የሆነው ሲስተም ለሁለት ሰዓት ተቋረጠ። ማንም አላወቀም። ሠርካለም ሌላ ተሳፋሪ ልታደርስ ስትሄድ አቶ መልከጸዴቅን ከነካፖርታቸው፣ ከነባርኔጣቸው በሕንፃቸው መግቢያ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ጋሼ! ዛሬ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አልነበረዎትም?»

«አለኝ እንጂ። ጠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫንኩት፣ እንዳስተማርሽኝ።» ስልኩን በኩራት ወደ እሷ አዞሩት። «ይኸው፣ ጫፍ ላይ ናት። አሁን አሁን ነች።»

አረንጓዴዋ መስመር ከቀኙ ጠርዝ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቀርቷት ቆማለች። ሠርካለም ሰዓቷን አየች። አዛውንቱ ከተጫኑ አርባ ደቂቃ፣ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሆኗል። ለዚያ ቀጠሮ አራት ወር ጠብቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ፎቅ ስትወጣ ገና አልተናደደችም ነበር። መለካት ነበር የፈለገችው።

«መስመሯ ስትሄድ ምኑን ለክታ ነው የምትሄደው?» አለችው፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

«ማለት?»

«ከምን ጋር ነው የተያያዘችው?»

ያፌት ማጅራቱን አሸ። «እውነቱን ልንገርሽ? ከምንም ጋር። በራሷ ጊዜ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ቶሎ፣ ከዚያ ቀስ፣ ዘጠና ፐርሰንት ላይ ትቆማለች። ገጹ ሎድ ሲያደርግ ዘልላ ትሞላለች። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራት፣ ሠርኪ። ሰው እንዲረጋጋ ነው።»

«ገጹ ካልመጣስ?»

«እዚያው ትቆያለች።»

ሠርካለም የሚዛኖቹን ነገር አስታወሰች። በድሮው ሥራዋ ምንም ሳይቀመጥበት ክብደት የሚያሳይ ሚዛን ካገኙ ባለቤቱን አይቀጡትም ነበር። ሚዛኑን ግን እዚያው አሽገው ከገበያ ያወጡት ነበር፤ በእሱ የተመዘነ ነገር ሁሉ እንደገና ይመዘናልና። ከዚያ ረቡዕ በፊት ያለፉት ስምንት ወሮች ባንድ ጊዜ ፊቷ ድቅን አሉ።

«ያፌት፣ ለእናትህ ምን ያህሉን ነግረሃታል?»

ያፌት ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«ሰኔ ላይ አጋምሻለሁ አልከኝ። መስከረም ላይ ጫፍ ደርሻለሁ አልከኝ። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ንገረኝ። ምን ብለህ ጀመርክ?»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ያፌት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉ ነበር። «አልጀመርኩም» አለ።

«አንድም ቃል?»

«አንድም። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። ዝም ብልሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አልሄድኩም እኮ!» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ቁጭ ብዬ ጫፉን ሳይ ነበር፤ ልክ እንደ ጋሼ መልከጸዴቅ! ዝም ብትለኝ ኖሮ ደግሜ እጣራ ነበር። በሩን እመታ ነበር። እናትህ ቤት ድረስ እሄድ ነበር፣ ያፌት! አንተ ግን እንዳልጣራ አደረግከኝ።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው። ደረጃው ላይ እንባዋ ሲወርድ የገረማት ነገር ቢኖር ንዴት አለመሆኑ ነው። የተጠራጠረችው አንድ ነገር እንኳ አልነበረም፤ የምታዝነው ስምንት ወር ምንም ላልተጠራጠረችው ለራሷ ነበር።

*

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ያፌት ሲደውል ስልኩን አላነሳችም። ቫኗን ነዳች፣ መስታወቱን በየስምንት ሰከንዱ አየች።

አቶ መልከጸዴቅ የመስመሯን ነገር ከያፌት ሰምተው ነበር፤ ከእሷ ጋር ሲያነሱት በሳቅ ፈረሱ። «እሹሩሩ ሲለኝ ነበራ! በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ!»

«አልተናደዱም፣ ጋሼ?»

«ተናድጃለሁ እንጂ። ግን ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ሰው ማስጠበቁን አስጠብቆ ይሄዳል፣ አያባብልም። ይሄ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት የማይችል ፈሪ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከደነገጠ ይድናል» አሉና ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ነጭ ፖስታ አወጡ። ሁለት ቀን ይዘውት ዞረዋል። «አላነበውም ብለሽ አትመልሺብኝ። አማላጅ አይደለሁም፤ ፖስተኛ ነኝ።»

ፊደሎቹ ትልልቅና ጥንቁቅ ነበሩ፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የጻፋቸው ይመስላሉ። ያፌት በአማርኛ ደብዳቤ ጽፎ እንደማያውቅ ታውቃለች። ሦስት ቦታ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል።

«ሠርካለም፣

የሆነውንና ያልሆነውን ለይቼ ልንገርሽ።

የሆነው፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለእናቴ ስምሽን ነገርኳት። ሥራሽን ነገርኳት። ስምንት ወር እንደደበቅኳት፣ ለአንቺም እንደዋሸሁ ነገርኳት።

ያልሆነው፦ እሺ አላለችም። እንቢም አላለችም። ሳህኖቹን አንስታ ኩሽና ገባች፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ቃል አልተነፈሰችም። ምን እንደምትል አላውቅም። መቼ እንደምትናገርም አላውቅም።

መስመሯን አጥፍቻታለሁ። ጋሼ መልከጸዴቅ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ለዓይናቸው አዲስ ቀጠሮ ተይዟል፣ እኔ ነኝ የምወስዳቸው።

የራሴን አውቃለሁ። እወድሻለሁ። ይሄኛው በሂደት ላይ ያለ ነገር አይደለም፣ የተፈጸመ ነው።

ያፌት»

«አላውቅም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በስምንት ወር ውስጥ ከአፉ ያልሰማችው ቃል ነው። ስልኳን አውጥታ የመዋያውን ገጽ ከፈተችና ሰዓቷን ይዛ ቁልፉን ተጫነች። ወዲያው፣ ዓይኗን ጨፍና ሳትገልጥ፣ «ሰምተናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከሥሩ «መኪና ገና አልተመደበም። እየጠበቅን ነው።» የሚሞላ ነገር የለም፤ ጫፍ የለም። እንደገና ኢንተርኔቱን አጥፍታ ሞከረችው። በአሥራ አምስተኛው ሰከንድ «አልሆነም። ይቅርታ። እባክዎ ይደውሉልን» አለና የስልክ ቁጥሩን በትልቁ አሳያት።

ቫኑ ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «ደብዳቤህ ደርሶኛል። ገና አልወሰንኩም።»

መልሱ በሰከንዶች ውስጥ መጣ። «እሺ። እጠብቃለሁ።» ከዚያ ሌላ ምንም አልጻፈም። ያ ዝምታ ደስ አላት።

*

ሐሙስ ጠዋት የዕለቱን ዝርዝር ስትከፍት አራተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ቀረ። «አዳነች ወልደ ሥላሴ። ከኖርዝጌት ወደ መዋያው። ምክንያት፦ ጉብኝት።»

ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ጥቁር ግራጫ ካፖርት፣ ነጭ ሻሽ፣ ቀጥ ያለ ጀርባ። ሠርካለም ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ። ይግቡ።»

«ከኋላ? ማጅራትሽን ለማየት አይደለም የመጣሁት» አለችና የፊቱን በር ራሷ ከፍታ ተቀመጠች። ቀበቶዋን አሰረች። ቫኑ ሁለት መንገድ አለፈ።

«ስምንት ወር!» አለች በመጨረሻ። «እኔን ፈርቶ ነው አለኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ አስፈራለሁ?»

ሠርካለም መስታወቱን አየች። «ገና አልለካሁም፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አዳነች ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ሠርካለም አየችው። «አልዋሽሽም። ሹፌር ናት ሲለኝ ደስ አላለኝም።»

«እሺ።»

«አሁንም ሙሉ በሙሉ ደስ አላለኝም።»

«የት ደርሰዋል?»

«መሀል።»

«እውነተኛ መሀል ከሆነ ይበቃኛል።»

ሴትዮዋ ዞር ብላ በደንብ አየቻት፤ ከፀጉሯ እስከ መሪው ላይ እስካሉት ጣቶቿ። «ልጄ ሚዛን ትፈትሽ ነበር ብሎኛል። ምን ዓይነት ሚዛን?»

«የሥጋ ቤት፣ የቡና፣ የወርቅም።»

«የወርቅ! ለወርቁ ስንት ስህተት ትፈቅዱ ነበር?»

ሠርካለም ነገረቻት። ወይዘሮ አዳነች አንገቷን ነቀነቀች። ፋርማሲ ውስጥ ክኒን በዓይኑ ገምቶ የሚሞላ ረዳት እንዴት እንደምታባርር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጥራ አንድም ቀን ቁጥሩ እንዳልተሳሳተባት፣ ማንም ግን ለዚህ አመስግኗት እንደማያውቅ ተናገረች። ሠርካለም ስለ አንድ የቅመም ነጋዴ ነገረቻት፤ ብረቱን ስታስቀምጥ ሚዛኑን በጉልበቱ ከሥር ይደግፍ የነበረ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ስትስቅ ያፌትን ትመስላለች።

ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። «አንቺስ?» አለች ወይዘሮ አዳነች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ገና አልወሰንኩም ብለሽዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጄ በደንብ አልበላም።»

«ወስኛለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ስምዎን ዝርዝሩ ላይ ሳይ። በእውነት እንደነገረዎት ያኔ በዓይኔ አየሁት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፓርክ አድርጊ!»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ...»

«ተሳፋሪሽ ነኝ፤ አዙሮኛል። ፓርክ አድርጊ ብያለሁ።»

ሠርካለም ከመንገዱ ዳር ፓርክ አደረገች። የያፌትን ቁጥር ነካች። ስልኩ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ ሳይጠራ ተነሳ።

«ሠርኪ?»

«እሺ» አለችው።

«እሺ... ምኑን?»

«ሁሉንም።»

በስልኩ ውስጥ የተሰማው የያፌት ትንፋሽ ብቻ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ የተቆራረጠ። እያለቀሰ ነበር፤ ሠርካለምም ይህን አወቀች፣ ልቧም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትለካ ሞላ።

ወይዘሮ አዳነች እጇን ዘርግታ ስልኩን ወሰደች። «ያፌት፣ እናትህ ነኝ። አዎ፣ ከእሷ ጋር ነኝ። የት እንደደረስን? አልነግርህም። ስምንት ወር አስጠብቀኸናል፤ አንተም ትንሽ ጠብቅ» ብላ ዘጋችው። ዓይኖቿን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አደረገችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ንጂ፣ ልጄ። እዚያ ጋ ግን አትታጠፊ፤ ቀጥ በይ። የቅመሙን ሰውዬ ታሪክ አልጨረስሽልኝም።»

የቫኑ መዝገብ እንደሚያሳየው ከኖርዝጌት እስከ መዋያው ሠላሳ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ በዚያ ሐሙስ አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ፈጀ።